የመርዕድ ሰባት ዓመት

መርዕድ ከተማ ልጄን ለወንድሙ ሊለምን እንደሚመጣ የሰማሁት ካምፓላ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ባለው ጋራዤ፣ ከአንድ የጭነት መኪና ሥር ተጋድሜ ሳለሁ ነው። የነገረኝ ሙሐመድዘይን ነው። ናካዋ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ይነግዳል፤ ወዳጄ ነው። ሽማግሌ እንዲሆን ተጠይቆ ኖሮ፣ ድንገት ቤቴ ገብቶ እንዳያስደነግጠኝ አስቀድሞ ሹክ ሊለኝ መጣ። ልጁ ፀጋዘአብ ይባላል፣ አየር መንገድ ቢሮ ነው የሚሠራው፣ ጨዋ ነው፣ ትህትናም ትወደዋለች አለኝ። ይህን አውቅ ነበር። እሑድ እሑድ ልጄን ከቤተ ክርስቲያን ሲመልሳት በር ላይ አይቼው ሰላምታውን ወድጄለት ነበር። ሙሐመድዘይን ቀጠለና ልጁ አባት እንደሌለው፣ ያሳደገውና ያስተማረው ታላቅ ወንድሙ እንደሆነ፣ ወንድምየው ድሮ መኮንን እንደነበር፣ አሁን የአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ኃላፊ ሆኖ ሰሞኑን ከጄኔቭ ወደዚህ እንደተዛወረ፣ ስሙም መርዕድ እንደሚባል ነገረኝ። በእጄ የያዝኩት የብሎን መፍቻ ደረቴ ላይ ወደቀ።

ከመኪናው ሥር አልወጣሁም። ፊቴን እንዲያየው አልፈለግሁም። መቼ ነው የምትመጡት ብዬ ጠየቅሁት፤ እሑድ ከሰዓት አለኝ። ኑ አልኩት። እሱ ደስ ብሎት ሄደ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ የኔ ደስታ ግን ሌላ ነው። ለብዙ ዓመት በሐሳቤ ስፈልገው የኖርኩት ሰው በገዛ እግሩ፣ ያውም ለማኝ ሆኖ ሊመጣልኝ ነው።

መርዕድና እኔ የአንድ ኮርስ ልጆች ነን። የጦር አካዳሚው ውስጥ አልጋችን ጎን ለጎን ነበር። ጎበዝ ነበር፤ ካርታ በማንበብ፣ በሒሳብ የሚደርስበት የለም። አንድ ነገር ግን አይችልም፤ መቆም። ሰልፍ ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ፊቱ አመድ ይመስላል፣ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ይወድቃል። የወደቀ እጩ መኮንን ቅጣቱ ደግሞ ሌላ መቆም ነው። ስለዚህ እኔ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ከኋላው እየተሰለፍኩ ቀበቶውን በሁለት ጣቴ እይዝለት ነበር። ሲዘነበል አሠልጣኙ ሳያይ ሳብ አድርጌ አቃናዋለሁ። መርዕድ የተመረቀው በኔ ሁለት ጣት ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

በ1969 ስንመረቅ ሁላችንም የሰባት ዓመት የአገልግሎት ግዴታ ገባን። ሰባቱን ከጨረስክ መልቀቂያ መጠየቅ ትችላለህ፤ ከዚያ በፊት የሚወጣው ሬሳህ ብቻ ነው። እኔ ቆንጂትን አገባሁ፣ ትህትና ተወለደች። ግዴታዬን ስጨርስ ከወታደር ቤት ወጥቼ ጋራዥ እከፍታለሁ፣ ማታ ማታ ቤቴ ነው የማድረው እያልኩ ቆንጂትን ተስፋ እመግባት ነበር። እሷም ታምነኝ ነበር።

በመካከሉ መርዕድ ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ታጨ። ወደ ውጭ የሚላክ መኮንን ተመልሶ ሰባት ዓመቱን እንደ አዲስ እንደሚያገለግል ዋስ መጥራት አለበት። ከኮርሱ ልጆች አንዱ ራስ ምታት ያዘው፣ አንዱ ሚስቴን ላማክር አለ፣ ሌላው ጭራሽ ጠፋ። እኔ ፈረምኩለት። ስፈርም አዛዡ፣ እሱ ባይመለስ የሱን ዓመታት አንተ ታገለግላለህ፣ ገብቶሃል አለኝ። ገብቶኛል ጌታዬ ብዬ ሳቅሁ። መርዕድም ሳቀ። አውሮፕላን ማረፊያ አቅፎኝ፣ ኃይለልዑል፣ እዚያ ቀበቶዬን ማን ይይዝልኛል አለኝ። አለቀስኩለት እንኳ።

በዚያው ቀረ። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተሻግሮ ጥገኝነት ጠየቀ ተባለ። የኔ ሰባት ዓመት በ1976 ሲሞላ መልቀቂያ ልጠይቅ አዛዡ ዘንድ ገባሁ። ቀና ብሎም አላየኝም። “ያንተን ጨርሰሃል፤ አሁን የመርዕድን ጀምር” አለኝ። ጀመርኩ።

የመርዕድን ዓመታት ያገለገልኩት ሰሜን ነው፣ ከምሽግ ምሽግ እየተገላበጥኩ። ለከዳ ሰው ዋስ የሆነ ራሱም ይከዳል ተብዬ አንድም ቀን ፈቃድ አልተሰጠኝም። በመርዕድ ሦስተኛ ዓመት ቆንጂት ታማ ሞተች፤ የቀበረቻት እህቴ ናት። በመርዕድ አምስተኛ ዓመት የመድፍ ፍንጣሪ ቀኝ ጉልበቴ ውስጥ ገባ፤ ዛሬም እዚያው ነው። ሰባተኛው ሊያልቅ ሲል ደርግ ወደቀ፣ ግዴታውም አብሮ ወደቀ። እያነከስኩ እህቴ ቤት ስደርስ፣ በስድስት ዓመቷ የተለየኋት ልጄ አሥራ ሦስት ሞልቷት በሩን ከፈተችና “ማንን ፈልገው ነው?” አለችኝ።

እንግዲህ እኔ ቂመኛ ነኝ የሚለኝ ካለ፣ ያቺን በር ቆሞ ያንኳኳና ይንገረኝ።

ልጄን ይዤ በናይሮቢ በኩል ካምፓላ ገባሁ። እዚህ ሁሉን ከዜሮ ጀመርን። ጋራዡም ተከፈተ፣ ማታ ማታም ቤቴ ማደር ጀመርኩ፤ ቆንጂት ግን የለችም። የመርዕድን ስም ቤቴ ውስጥ ጠርቼ አላውቅም። ለትህትና ስነግራት “ያ ሰው” ነበር የምለው። ስለዚህ የፀጋዘአብ ወንድም ያ ሰው መሆኑን አታውቅም ነበር፤ እኔም እስከ እሑድ አልነገርኳትም።

እሑድ ዝናብ ነበር። ቡኮቶ ያለው ቤታችን በር ላይ ቀዩ ጭቃ ጫማ ይውጣል። ትህትና ሶፋውን አስተካክላ፣ ወንበሮች ደርድራ ወጥ ቤት ገባች። እኔ ከፊት ለፊታቸው ተቀምጬ የታመመውን እግሬን በርጩማ ላይ ዘረጋሁ።

ሽማግሌ ለልጅ ጥያቄ ሲመጣ ቁጭ በሉ ቢባልም አይቀመጥም። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብሎ ቆሞ ይናገራል፤ የልጅቱ አባት እሺ ሲል ነው የሚቀመጠው። ይህ ወግ ካምፓላም አልቀረም። ሌላው አባት አዝኖ ቶሎ ያስቀምጣል። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ይህን መቆም ሳስብ ነው የከረምኩት።

ሦስት ሆነው ገቡ። ከፊት የማኅበረሰባችን ትልቅ ሰው አቶ መኮንን፣ ቀጥሎ ሙሐመድዘይን፣ ከኋላ መርዕድ። የልጁ ወገን ሽማግሌ ይልካል እንጂ ራሱ አይመጣም፤ መርዕድ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ። ጠጉሩ ሸብቷል፣ ግራጫ ሱፉ ያምራል። እጅ ነሳኝ። እንደማላውቀው ሁሉ አንገቴን ነቀነቅሁ።

አቶ መኮንን በወጉ ጀመሩ። እኔም በወጉ መጠየቅ ጀመርኩ። የልጁን አያት ጠየቅሁ፣ የአያቱን አገር ጠየቅሁ፣ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ደመወዙ፣ ስለ ጤናው ጠየቅሁ፤ ጥያቄ ሲያልቅብኝ ቤተ ክርስቲያን የትኛው በኩል እንደሚቆም ጠየቅሁ። አቶ መኮንን ትዕግሥተኛ ናቸው፤ ሁሉንም መለሱ። ዓይኔ ግን እሳቸው ላይ አልነበረም። የመርዕድ ፊት አመድ እየመሰለ መጣ። ላቡ በጆሮ ግንዱ ወረደ። ሱሪው ጉልበቱ አካባቢ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ጌታ ሆይ፣ እንዴት ደስ አለኝ።

በመጨረሻ ወደሱ ዞርኩ።

“መርዕድ፣ ዋስ አለህ?”

አቶ መኮንን የጋብቻ ዋስ የጠየቅሁ መስሏቸው እኛ አለን ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። መርዕድ በእጁ አስቆማቸው።

“የለኝም” አለ። “አንድ ነበረኝ።”

“እንግዲያው መልሴ ይኸው ነው” አልኩ። “በሰባት ዓመታችሁ ተመለሱ።”

አቶ መኮንን ቀን ለማለት ዓመት ያልኩ መስሏቸው ደግመው ጠየቁኝ። ዓመት አልኳቸው። ሙሐመድዘይን የማያውቀኝ ይመስል አፍጥጦ አየኝ። መርዕድ ብቻ ገብቶታል። ጎንበስ ብሎ ወጣ፤ ጭቃው ላይ ሲያዳልጠው በመስኮት አየሁት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ዘወር ስል ትህትና ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

“ያ ሰው እሱ ነው?” አለችኝ።

እሱ ነው አልኳት። መጥታ ለመርዕድ ያዘጋጀችው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

“አባዬ፣ እነዚያን ሰባት ዓመታት ያገለገልከው አንተ ብቻ ነህ?” አለች። “እማዬ ስትቀበር አፈር አልብሺ ተብዬ እጄ ላይ አፈር ያደረጉት ለኔ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባትሽ የት ነው ሲሉኝ የሰው ግዴታ እየጨረሰ ነው እል ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ ሳላውቅ። አልተማረርኩብህም። አሁን ግን ሌላ ሰባት ጫንክብኝ። ያ አዛዥ ያለህን አስታውስ። ያንተን ጨርሰሃል፣ የመርዕድን ጀምር አይደል ያለህ? ዛሬ አንተ እኔን እንደዚያ አልከኝ።”

በጥፊ ብትመታኝ ይቀለኝ ነበር። ልጄ የምትለው እውነት ነበር፤ እውነት በመሆኑም ለጊዜው ጠላኋት። ተነስታ ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረች።

ሳምንቱን ሥራ በእጄ አልገባ አለኝ። የአንዱን ደንበኛ ፍሬን ፈትቼ ሳላጠብቀው ልሰጠው ነበር። መርዕድን ይቅር ለማለት ያሰብኩ እንዳይመስላችሁ፤ ይቅርታ ለአንድ ደቂቃም በአእምሮዬ አልመጣም። ያሰብኩት ሌላ ነው። ዕዳውን ከልጄ ላይ አንስቼ ባለቤቱ ላይ እንዴት እንደምጭነው ነበር። ዓርብ ዕለት ዘዴው መጣልኝ። ሙሐመድዘይን ሱቅ ድረስ በቦዳ ሞተር ሄጄ እሑድ ይዘሃቸው ና፣ እሱንም ጨምር አልኩት።

መጡ፤ እንደ ወጉ ቆሙ። ዛሬ ምንም አልጠየቅሁም። አቶ መኮንን ገና ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ ልጄን ለፀጋዘአብ ሰጥቻለሁ፣ ይቀመጡ አልኳቸው። እሰይ፣ እሰይ እያሉ ተቀመጡ። ሙሐመድዘይንም ተቀመጠ። መርዕድ እፎይ ብሎ ወንበሩን ያዘ።

“አንተን አላልኩም” አልኩት።

እጁ ወንበሩ ላይ ቀረ።

“ልጄን ለወንድምህ ሰጥቻለሁ። ቃሌ ቃል ነው። አንተ ግን እኔ ቤት ሰባት ዓመት አትቀመጥም። መምጣት ትችላለህ፤ መብላት መጠጣትም ትችላለህ። ቆመህ። አንድ ጊዜ ከተቀመጥክ፣ ወይም በዓል በመጣ ቁጥር መምጣቱን ከተውክ፣ ከድተሃል ማለት ነው፤ ለሚወልዷቸው ልጆች ማን እንደሆንክ እኔ እነግራቸዋለሁ።”

አቶ መኮንን እግዚኦ አሉ፤ እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜያቸው አይተው እንደማያውቁ፣ ነውር እንደሆነ፣ ለእግዚአብሔር ስል እንድተወው ለመኑኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። መርዕድ እጁን ከወንበሩ አነሳ። ተረከዙን ገጠመ፤ ከስንት ዓመት በኋላ እንኳ አልረሳውም።

“ገብቶኛል” አለ።

ምሳው ቀረበ። ሽማግሌዎቹ ቆርሰው ሳይጎርሱ ተዉት። መርዕድ ሳህኑን በእጁ ይዞ መስኮቱ ጋ ቆሞ በላ። እኔ ግን ጥሩ አድርጌ በላሁ።

ሠርጉ በአዳራሽ ስለሆነ እዚያ ተቀመጠ፤ ውላችን ለቤቴ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ልንገራችሁ። የጠበቅሁት መቅረቱን ነበር። ከዳተኛ ነውና ይከዳል፤ ያኔ ልጄንና አማቼን ሰብስቤ፣ አያችሁት እላቸዋለሁ ብዬ ቃሎቹን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ገና መጣ፤ መርዕድ መጣ። ፋሲካ መጣ፤ መርዕድ ጠቦት አስጎትቶ መጣ። በእንቁጣጣሽ ሥራው ወደ ሌላ አገር ልኮት ስለነበር ይኸው ቀረ ብዬ እጄን ሳፋትግ፣ ሻንጣውን እንደያዘ ከኢንቴቤ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ መጥቶ መስኮቱ ጋ ቆመ። ሰው ማማት ጀመረ። ኃይለልዑል ትልቁን ሰውዬ እንደ ዘበኛ ያቆመዋል አሉ። ይበሉ። እኔ ምሽግ ውስጥ ስቆም ማንም አላማልኝም።

አንድ ፋሲካ ቤቱ በሰው ተሞልቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ አየሩ ታፍኖ ሳለ ወደቀ። ፀጋዘአብ ዘሎ ያዘው። ፊቱን ውኃ ነካ አደረጉለት። ፀጋዘአብ በዚያን ቀን በዓይኑ ለመነኝ፤ ፊቴን አዞርኩ። መርዕድ ግን የወንድሙን እጅ አስለቅቆ ግድግዳ ተደግፎ ተነሳ፤ ከዚያ ግድግዳውንም ተወና ቆመ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አለኝም፤ እንደ መጀመሪያው ቀን ግን አልነበረም። ይህም አናደደኝ።

በ1992 የልጅ ልጄ ክርስትና ተነሳች። ድግሱ እኔ ቤት ነበር። ከዚያ በፊት መርዕድ ልቡን ታሞ ሆስፒታል ሰንብቶ ነበር፤ አይመጣም ብለን ነበር። ልክ ምግብ ሲቀርብ በሩን አንኳኳ። ሱፉ ሰፍቶታል፣ አንገቱ ከኮሌታው ውስጥ ጠፍቷል። እጅ ነሳኝና ወደ መስኮቱ ሄዶ ቆመ።

ትህትና ሕፃኗን እቅፌ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ባለ መደገፊያውን ወንበር አንስታ ከመርዕድ ኋላ አደረገችና ዞራ አየችኝ። አቶ መኮንን ጉርሻቸውን እንደያዙ ቀሩ። የመርዕድን ጉልበት አየሁት። ልክ እንደ ድሮው፣ እንደ ሰልፉ ሜዳ ይንቀጠቀጣል። የቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች በሕፃኗ ፎጣ ላይ በራሳቸው ተጨበጡ።

“ተቀመጥ” አልኩት።

ልጄ በረጅሙ ተነፈሰች። ሙሐመድዘይን አልሐምዱሊላህ አለ። መርዕድ ግን ወንበሩን አላየውም።

“አምስት ዓመት ይቀረኛል” አለ።

“ትቼልሃለሁ አልኩህ። ተቀመጥ።”

“ላንተ ማንም አልተወልህም” አለ። “እኔ ራሴ ልጨርሰው።”

ደሜ ፈላ። እሺ ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ የይቅርታው ባለቤት እኔ እሆን ነበር፤ እሱም እስከ ዕለተ ሞቱ ውሉን ያልጨረሰ ሰው ሆኖ ይቀርልኝ ነበር። እሱ ግን ሊጨርስ ነው። ጨርሶ እንደኔ ሰባት ያገለገለ ሰው ሊሆን ነው። ያኔ እኔ በምን እበልጠዋለሁ? ይህን ሁሉ ዓመት ያቆየኝን ቂም ከእጄ ሊወስድብኝ መጣ፤ ያውም እዚያው ቤቴ ውስጥ፣ ቆሞ። ግትር ብዬ ሰደብኩት። ፊቱ አመድ መስሎ ወደ ግራ ሲዘነበል ሁላችንም አየን።

ሕፃኗን ለእናቷ ሰጠኋት። ጉልበቴን እየጎተትኩ በእንግዶቹ መካከል አልፌ ከኋላው ቆምኩና ቀበቶውን በሁለት ጣቴ ያዝኩ። ሳብ አድርጌ አቃናሁት። ሰባቱን ሳይጨርስ ወድቆ እንዲያመልጠኝ አልፈልግም።